የብስክሌት መስመሩ ተዘርግቷል፤ የብስክሌተኛው ደህንነትስ?

በአዲስ አበባ ከተማ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመዲናዋን ነባር ጎዳናዎች ገጽታ ከለወጠባቸው ሥራዎች አንዱ ለብስክሌት ተብሎ የተለየ መስመር መዘርጋቱ ነው። በልማቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከተካተቱት አካባቢዎች መካከል የምትገኘው ፒያሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አካባቢ አንሥቶ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ጎዳና ላይ ከዚህ ቀደም ያልነበራትን ሰፊ የእግረኛ መሄጃና የብስክሌት መስመር አግኝታለች።

በዚህ ረገድ የተከናወነው ሥራ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ይሁን እንጂ መስመር መዘርጋትና አደጋን መከላከል ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። የብስክሌት መስመር ለነዋሪው የሚቀርብ ጥሪ ነው። ጥሪውን ተቀብሎ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ቀደም በከተማ መንገድ ላይ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ወጣት ወይም ሠራተኛ ነው። መስመሩ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ የሚቋረጥ፣ በቁልቁለት ላይ የሚጠብና በቆመ ተሽከርካሪ የሚዘጋ ከሆነ፣ ጥሪውን የተቀበለው ሰው ጥበቃ ይበልጥ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻውን ይቀራል።

በመሆኑም በአራዳ ክፍለ ከተማ ከእንግዲህ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ብስክሌተኛው ከመነሻው እስከ መድረሻው በየትኛው ነጥብ ላይ ይጎዳል?» የሚለው ነው።

አነስተኛ ቁጥር የደህንነት ማረጋገጫ አይደለም

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ለዓመታት የታወቀ እውነታ ነው። ብስክሌተኞች ከሟቾችና ከተጎጂዎች የሚይዙት ድርሻ ግን አነስተኛ ነው። ይህን አሐዝ ብቻ የተመለከተ ኃላፊ የብስክሌት ደህንነት ጉዳይ አጣዳፊ አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል።

ድምዳሜው ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ይዘነጋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ስታዘጋጅ በመዲናዋ ከሚደረጉት ዕለታዊ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ሲሆኑ፣ በብስክሌት የሚደረጉት ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር። የአደጋው ቁጥር ያነሰው መንገዱ አስተማማኝ ስለነበረ ሳይሆን፣ መንገዱን የፈራው ነዋሪ ብስክሌት ይዞ ስላልወጣ ነው። ማንም የማይሻገረው ወንዝ ሰው አልወሰደም ተብሎ ጥልቀት የለውም አይባልም።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ለዕቅድ አዘጋጆች ትልቅ ትርጉም አለው። የብስክሌት ተጠቃሚው ቁጥር በጨመረ ጊዜ የአደጋው ጠቅላላ ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ትክክለኛው መለኪያ ጠቅላላ ቁጥሩ ሳይሆን ከተደረጉት ጉዞዎች ብዛት ጋር ሲነጻጸር ያለው መጠን ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ በተመረጡ ቦታዎች ላይ በተወሰነ ጊዜ የሚያልፉ ብስክሌተኞችን በየጊዜው መቁጠር ያስፈልጋል። ያለ ቆጠራ የተሠራው መንገድ ይጥቀም ወይም ይጉዳ ማረጋገጥ አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሪፖርት እንደሚያመለክተው፣ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከሟቾቹ መካከል 6 በመቶ ያህሉ ብስክሌተኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች የመንገድ አደጋ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው። ብስክሌት ለመንዳት ይበልጥ የሚነሣሣውም ይኸው የዕድሜ ክልል መሆኑ ጉዳዩን አሳሳቢ ያደርገዋል።

የአራዳ አቀማመጥ የሚያስከትለው ልዩ ሥጋት

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተቋቋመው ገበያ ዙሪያ የተመሠረተ የመዲናዋ ነባር እምብርት ነው። ፒያሳ የሚለው መጠሪያ የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የአካባቢው መንገዶች የመጀመሪያ መልካቸውን የያዙት ለእግረኛ፣ ለበቅሎና ለአጋሰስ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል በተቀበሉበት በ1900 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆርቁራ ሃያ ዓመት ያህል አልፏት ስለነበር፣ መኪና የመጣው ቀድሞ በተቀየሰ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህም በርካታዎቹ የአራዳ ጎዳናዎች የኮረብታውንና የወንዙን አቀማመጥ ተከትለው የሚወጡ፣ የሚወርዱና የሚጠማዘዙ ናቸው።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ደቡብ የሚወርደው የቸርችል ጎዳና በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል እስከ ለገሃር ድረስ ረጅም ቁልቁለት ነው። ከፒያሳ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርድና ከወንዙ ማዶ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ምዕራብም በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። ባሕር ዳርና ሐዋሳን የመሳሰሉ የሐይቅ ዳር ከተሞች ብስክሌትን የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ማድረግ የቻሉት ሜዳማ በመሆናቸው ጭምር ነው። በእነዚህ ከተሞች የሚሠራ መፍትሔ ሳይሻሻል ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ኮረብታማ መዲና ውስጥ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ቁልቁለት ሁለት ዓይነት አደጋ ያስከትላል። የመጀመሪያው ወደ ታች በሚወርደው ብስክሌተኛ ላይ የሚደርሰው ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሳይመታ የሚወርድ ብስክሌተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስከሚይዝ ድረስ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የክረምት ዝናብ ሲጨመርበት የጎማው መጨበጥና የፍሬኑ ኃይል ስለሚቀንስ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። በሜዳ ላይ ብስክሌት የለመደ ሰው ይህን ልዩነት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ዳገት በሚወጣው ላይ የሚደርሰው ነው። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ፍጥነቱ ከእግረኛ እምብዛም የማይበልጥ በመሆኑ መሪው ወዲያና ወዲህ ይወላወላል፤ በመሆኑም ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከጎኑ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ግን ዳገቱን ለመጨረስ ነዳጅ ጨምሮ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በቁልቁለቱ በኩል ፍጥነትን የሚቀንስ፣ በዳገቱ በኩል ደግሞ ተጨማሪ ስፋት የሚሰጥ ንድፍ ያስፈልጋል። በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስፋት መስጠት ለሥራ ተቋራጩ ቀላል ቢሆንም ለብስክሌተኛው አይበጅም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብስክሌቶች የዳገቱን ችግር በከፊል እንደሚያቃልሉ ይታመናል። ይሁንና እነዚህ ብስክሌቶች ከተለመደው ብስክሌት የሚከብዱና የሚፈጥኑ በመሆናቸው፣ በቁልቁለትና በእግረኛ አጠገብ ሊኖራቸው የሚገባው የፍጥነት ወሰን ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ጉዳት የሚደርሰው መስመሩ በሚቋረጥበት ነው

ከተሽከርካሪ በጠርዝ ድንጋይ የተለየ የብስክሌት መስመር ከኋላ የሚመጣን መኪና ግጭት በእጅጉ ይቀንሳል። አደጋው ግን አይጠፋም፤ ወደ መጋጠሚያው ይሸጋገራል። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና በቀኙ በኩል ቀጥታ የሚጓዘውን ብስክሌተኛ መንገድ ይቆርጣል። ተሽከርካሪው በረዘመና በከፈፈለ ቁጥር አሽከርካሪው በጎን መስታወቱ የማያየው ቦታ ይሰፋል። ብስክሌተኛው ልዩ መስመር ላይ መሆኑን በመተማመን ፍጥነቱን ካልቀነሰ፣ አሽከርካሪውም ብስክሌት ይመጣል ብሎ ካልጠበቀ ግጭቱ የማይቀር ይሆናል።

በአንድ ወገን ብቻ ተዘርግቶ በሁለቱም አቅጣጫ የሚነዳበት መስመር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጎን መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አሽከርካሪ በልማድ የሚመለከተው ተሽከርካሪ ወደሚመጣበት ወደ ግራ ነው። ከቀኙ በኩል የሚመጣውን ብስክሌተኛ አያይም። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ላይ የመሬት ላይ ቀለምና የማስጠንቀቂያ ምልክት ብቻውን በቂ አይደለም። የብስክሌት መስመሩ በእግረኛ መሄጃው ከፍታ ልክ መጋጠሚያውን አቋርጦ እንዲቀጥልና ተሽከርካሪው እንደ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተራምዶት እንዲያልፍ ማድረግ፣ የመታጠፊያውን ማዕዘን ማጥበብ፣ የትራፊክ መብራት ባለበት ቦታ ላይም ብስክሌተኛው ከሞተር ተሽከርካሪው ቀድሞ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው የመንገድ ደህንነት ባለሙያዎች ይስማማሉ።

ከመጋጠሚያ ውጪም ትኩረት የሚሹ ነጥቦች አሉ። ተሳፋሪ ለመጫንና ለማውረድ በድንገት ወደ ቀኝ የሚጠጋ ታክሲ፣ ከቆመ መኪና ውስጥ ሳይታሰብ የሚከፈት በር፣ ክፍተቱ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ በመሆኑ ጎማ የሚያስገባ የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ፣ ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ፣ በመስመሩ ላይ የተከማቸ አሸዋና ድንጋይ እያንዳንዳቸው ብስክሌተኛን ለመጣል በቂ ናቸው። መኪና በአራት ጎማ የሚያልፈው ጉድጓድ በሁለት ጎማ ለሚሄደው ሰው የመንጋጋ ወይም የእጅ ስብራት ሊሆን ይችላል። ብስክሌተኛው መስመሩ ተዘግቶ ሲያገኘው ደግሞ ወደ ተሽከርካሪ መንገድ በድንገት ይወጣል፤ ይህም ከሁሉ የከፋው ነው።

በሌላ በኩል እግረኛውም መዘንጋት የለበትም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በፒያሳ የንግድ ሱቆችና በአራት ኪሎ አካባቢ ያለው የእግረኛ ብዛት ከፍተኛ ነው። የብስክሌት መስመሩና የእግረኛ መሄጃው በአንድ ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጉ፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና ማየት የተሳናቸው ወገኖች ወሰኑን በቀላሉ ሊለዩት አይችሉም። ወሰኑ በቀለም ብቻ ሳይሆን በእግርና በዘንግ በሚታወቅ የከፍታ ወይም የንጣፍ ልዩነት ሊለይ ይገባል። ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ብስክሌተኛው ቅድሚያ ለእግረኛ መስጠት እንዳለበትም ማስተማር ያስፈልጋል። ለብስክሌት የተለየውን መስመር በሞተር ብስክሌት የሚጠቀሙ ካሉም አድራጎቱ እንደ ቀላል ጥፋት ሊታለፍ አይገባም።

የፍጥነት ጉዳይ

የብስክሌተኛን ሞት ለመቀነስ ከሚወሰዱ እርምጃዎች ሁሉ ቀዳሚው የሞተር ተሽከርካሪን ፍጥነት መቀነስ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሚጓዘው ጋር ሲነጻጸር የመምታት ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደህንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ከተሽከርካሪ ጋር በሚቀላቀሉባቸው አካባቢዎች ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ያሳሰበው ከዚህ በመነሣት ነው።

ለአራዳ ነባር መንገዶች ይህ ወሰን የሚከብድ አይደለም። በሥራ ሰዓት መጨናነቁ ራሱ ፍጥነትን ይገድባል። ሥጋቱ የሚጎላው መንገዱ በሚለቀቅበት በማለዳ፣ በምሽትና በእረፍት ቀናት ነው፤ እነዚህ ሰዓታት ደግሞ ጀማሪ ብስክሌተኞች ለመለማመድ የሚመርጧቸው ናቸው።

የራስ ቁር፣ መብራትና ፍሬን

የራስ ቁር ወይም ሄልሜት ግጭትን አያስቀርም፤ የግጭቱን መዘዝ ግን ይቀንሳል። ከ64 ሺህ በላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ብስክሌተኞች የሚመለከቱ 40 ጥናቶችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና፣ የራስ ቁር ማድረግ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመድረስ ዕድልን በ69 በመቶ፣ በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት የሚደርስን ሞት ደግሞ በ65 በመቶ ዝቅ ከማድረግ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ቁሩ ግንባርን የሚሸፍን፣ ማሰሪያው በአገጭ ሥር የጠበቀና ከዚህ ቀደም በግጭት ያልተሰነጠቀ ሊሆን ይገባል።

የብስክሌቱ ይዞታም እንዲሁ ወሳኝ ነው። በቁልቁለት አካባቢ የሚነዳ ብስክሌት የፊትና የኋላ ፍሬኑ ሁለቱም የሚሠሩ መሆን አለባቸው። የኋላው ፍሬን ብቻ ያለው ብስክሌት ለመቆም ረጅም ርቀት ይወስድበታል፤ የፊቱ ብቻ በድንገት ሲያዝ ደግሞ ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ሊጥል ይችላል። ከመነሣት በፊት ሁለቱን ፍሬኖች፣ የጎማውን ንፋስና ሰንሰለቱን ማየት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ምሽት ላይ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራትና አንጸባራቂ ያስፈልጋል። ልጆች በየሰፈሩ በሰዓት እየተከራዩ የሚለማመዱባቸው ብስክሌቶች ፍሬን ያላቸው መሆኑን የሚከታተል አካል መኖሩ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ጉዳት ሊያስቀር የሚችል እርምጃ ነው።

ይሁንና ኃላፊነቱን ሁሉ በራስ ቁር ላይ መጣል አይገባም። የራስ ቁር ያደረገ ብስክሌተኛ በፍጥነት በሚጓዝ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ከገባ ቁሩ አያድነውም። አስተማማኝ መንገድ ባልተዘጋጀበት ሁኔታ ብስክሌተኛውን ብቻ መውቀስ የችግሩን ምንጭ መሸፈን ይሆናል።

ከሌሎች ከተሞች የሚቀሰም ትምህርት

ኔዘርላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ተብላ ብትታወቅም፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገድ አደጋ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን፣ ከእነዚህም መካከል ከ400 በላይ ሕፃናትን አጥታ ነበር። የአገሪቱ መንገዶች የተለወጡት ከዚያ በኋላ በወላጆች ግፊትና መንግሥት በተከታታይ በወሰዳቸው እርምጃዎች ነው። የስፔኗ ሴቪያ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መስመር ዘርግታለች። የሴቪያ ተሞክሮ የሚያስተምረው ቁም ነገር መስመሮቹ ከጅምሩ እርስ በርስ የተገናኙ መሆናቸው ነው። ተጠቃሚው በብዙ እጥፍ ሲጨምር በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ያለው የአደጋ ሥጋት ቀንሷል። ብስክሌተኛ በበዛበት ከተማ አሽከርካሪው ብስክሌት እንደሚመጣ ጠብቆ ስለሚነዳ እንዲህ ዓይነቱ ውጤት በሌሎች ከተሞችም ታይቷል።

ትምህርቱ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በአዲስ አበባ የለገሃርና የመርካቶ ሰባተኛ መጋጠሚያዎች ባለፉት ዓመታት በቀለምና በቀላሉ በሚተከሉ መከለያዎች ተስተካክለው፣ የእግረኛ ማቋረጫው እንዲያጥርና ተሽከርካሪ ቀስ ብሎ እንዲታጠፍ ተደርጓል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው መጋጠሚያን ለማስተካከል የግድ ትልቅ ግንባታ እንደማያስፈልግ ነው። በጥቂት ወጪ ተሞክሮ፣ ውጤቱ ተለክቶ፣ ከዚያ በቋሚነት መገንባት ይቻላል። የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት የሚያበቃው በዚያው በለገሃር በመሆኑ፣ ተመሳሳይ አሠራር ከላይኛው ጫፍ ከማዘጋጃ ቤት አካባቢ ቢጀመር ሁለቱን ጫፎች ለማገናኘት ያስችላል።

ያልተመዘገበ ጉዳት

ብስክሌተኛ ከሞተር ተሽከርካሪ ጋር ሲጋጭ ጉዳዩ ወደ ትራፊክ ፖሊስ የመድረስ ዕድል አለው። በጉድጓድ ወይም በፍርግርግ ምክንያት ብቻውን የወደቀው ግን በአብዛኛው ለፖሊስ አይነገርም። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በሆስፒታል የሚታከሙ ብስክሌተኞች ቁጥር በፖሊስ መዝገብ ከሰፈረው እጅግ እንደሚበልጥ ታይቷል። የትራፊክ መዝገብ ብቻውን ዕቅድ የሚወጣበት መረጃ ከሆነ፣ መንገዱ ራሱ ያደረሰው ጉዳት በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የየካቲት 12፣ የጥቁር አንበሳ እና የአቤት ሆስፒታሎችን የመሰሉ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች በሚይዙት መዝገብ ላይ ተጎጂው ብስክሌተኛ መሆኑን፣ የወደቀበትን ቦታና የጉዳቱን ምክንያት የሚያመለክት ዓምድ ቢጨመርና መረጃው በየሩብ ዓመቱ ከትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ጋር ቢናበብ፣ በየትኛው መጋጠሚያ ምን እንደሚደርስ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ማወቅ ይቻላል።

አደጋ በደረሰ ጊዜም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ ላይ የተመታን ሰው ለተጨማሪ አደጋ ካልተጋለጠ በስተቀር አለማንቀሳቀስ፣ የራስ ቁሩን በኃይል አለማውለቅ፣ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝና ወደ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ወይም ወደ እሳትና አደጋ ሥጋት በ939 መደወል ተገቢ ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በሞተር ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የሚያገኝበትን መብት ደንግጓል፤ አዋጁ ሲወጣ የወጪው ጣሪያ 2 ሺህ ብር ነበር። ገጭቶ በተሰወረ ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰውም በመድን ፈንዱ በኩል ይሸፈናል። ብስክሌተኛ ይህን መብቱን ሊያውቅ ይገባል። ብቻውን ለሚወድቀው ወይም በብስክሌት ለሚገጨው እግረኛ ግን የሞተር ተሽከርካሪ መድን መፍትሔ ስለማይሆን፣ ጉዳዩ የሕግ አርቃቂዎችን ትኩረት ይሻል።

የየተቋሙ ድርሻ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ያደረገችው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባው ስትራቴጂ ደግሞ እስከ 2028 ድረስ 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር የመዘርጋት ግብ አስቀምጧል። ግቡ በኪሎ ሜትር የተገለጸ በመሆኑ አፈጻጸሙም በኪሎ ሜትር መለካቱ አይቀርም። የኪሎ ሜትሩ አሐዝ ግን የተቆራረጠን መስመር ከተገናኘው አይለይም። ከዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርቶች ጎን ስንት መጋጠሚያ ለብስክሌት አስተማማኝ ሆኖ እንደተሠራ የሚያሳይ ሌላ መስፈርት ሊኖር ይገባል።

የከተማዋ መንገዶች ባለሥልጣን ፍርግርጎችን ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ተሻጋሪ በሆኑ ለመተካትና መስመሮችን ከክረምት በፊትና በኋላ ለመፈተሽ የሚያስችል የጥገና መርሐ ግብር ሊኖረው ይገባል። የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን በመስመሩ ላይ የሚቆሙ ተሽከርካሪዎችን መቆጣጠር፣ መጋጠሚያዎችን በቅደም ተከተል መለየትና ተጠቃሚዎችን መቁጠር ይጠበቅበታል። ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ለጀማሪዎች ሥልጠና ሊሰጡ ይችላሉ። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተቋማትም አሽከርካሪው በሚታጠፍበት ጊዜ ቀኙን እንዲያይና ከመኪና ሲወርድ በሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ እንዲመለከት በሥልጠናቸው ሊያካትቱ ይገባል። የክፍለ ከተማና የወረዳ አስተዳደሮች ለግንባታ የተከማቸ ቁሳቁስ መስመሩን እንዳይዘጋ የመከታተል ሥልጣንም አቅምም አላቸው።

እያንዳንዱ ተቋም የየራሱን ቁራጭ ሠርቶ የሚለያይ ከሆነ ግን ክፍተቱ የሚታየው በመካከላቸው ባለው ቦታ፣ ማለትም መስመሩ በሚያልቅበትና መጋጠሚያው በሚጀምርበት ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉትን መጋጠሚያዎች የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎች በአንድነት በእግርና በብስክሌት ተጉዘው ቢፈትሿቸው፣ ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ብዙ ቀን አይወስድም። ተከታዮቹ የኮሪደር ልማት ምዕራፎች ወደ ሌሎች ክፍላተ ከተሞች በሚዘልቁበት በአሁኑ ወቅት፣ በአራዳ ቁልቁለቶችና መጋጠሚያዎች ላይ የሚገኘው ልምድ ለመላው ከተማ የሚተርፍ ይሆናል።